ከጠመኔው መስመር በታች

ለስላሳ የማልጠጣው ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ጥርሴን አመካኛለሁ። በተማርኩበት አገር እንዲህ ያለው መልስ ማንንም አያስገርምም፤ ሁሉም ሰው አንድ የማይበላው ወይም የማይጠጣው ነገር አለው፤ ምክንያቱን ማንም አይቆፍርም። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ነገሩ ከበደኝ። በሄድኩበት ቤት ሁሉ ገና በቅጡ ሳልቀመጥ አንድ ጠርሙስ ይከፈትልኛል። ውኃ ይበቃኛል ስል፣ "ምነው፣ እዚያ ውኃ ብቻ ነው እንዴ ያስለመዱሽ?" ይሉኛል። እስቃለሁ። ጠርሙሱ ፊት ለፊቴ እያላበው ይቆያል፤ እኔ ወደ ሌላ ቦታ እያየሁ አወራለሁ።

አክስቴ የምትወደው ብርቱካኑን ነበር። ጥቁሩን "መድኃኒት መድኃኒት ይላል" ትላለች፤ የሎሚውን ደግሞ እንግድነት ሲያስገድዳት ካልሆነ አትነካውም። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ አንዲት ክፍል ናት፤ መኪናው ብርሃን እንዲያገኝ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከኋላው ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፤ ግድግዳው ላይ እጅጌ ያልተገጠመላቸው የተማሪ ዩኒፎርሞች ተደርድረው ይንጠለጠላሉ። ስገባ ሁልጊዜ አንድ ሙሉ ክፍል ተማሪ እጁን ተቆርጦ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

አጠጣጧ እንደማንም አልነበረም። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከጎኗ ያለው ባለ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ይህ ሰው መክፈቻ አይጠቀምም፤ ቆርኪውን በመንጋጋው ነክሶ ነው የሚነቅለው። ስሙም በሰፈሩ ዘንድ ቆርኪ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ልጅ ስለሆንኩ ጋሼ ቆርኪ እለዋለሁ።

"እንደ ልማድሽ ይሙት?" ይላታል።

"ይሙት" ትለዋለች።

ጋዙን ማለታቸው ነው። አክስቴ የተከፈተውን ጠርሙስ ተቀብላ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አንድ ኮሌታ ሰፍታ እስክትጨርስ ጋዙ ወጥቶ፣ ቅዝቃዜው ጠፍቶ ዝም ያለ ስኳር ይሆናል። ያኔ ጠርሙሱን በጨርቅ አድርቃ፣ ልብስ የምትቀድበትን ጠመኔ አንሥታ ከታች በኩል ሁለት ጣት ያህል ለክታ መስመር ታሰምርበታለች። ከመስመሩ በላይ የእሷ፣ ከመስመሩ በታች የእኔ። በስትሮ ቀስ እያለች ትጠጣና መስመሩ ላይ ስትደርስ ቀጥ ታደርጋለች፤ አንድ ጠብታ አታሳልፍም። ልብስ ስትቆርጥም እንዲሁ ነበረች።

እኔ የምወደው ከእነ ጋዙ፣ ቀዝቃዛውን፣ አፍንጫ የሚያቃጥለውን ነው። ግን የሰው ንብረት ነውና ሞቶ የመጣልኝን እጠጣለሁ። ደግሞም ጨርሶ የተከለከልኩ ልጅ ነበርኩ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ጠቁረው ከተነቀሉ በኋላ እናቴ፣ "ጣፋጭ ነገር ከንፈርሽን ነክቶ ባገኘው ወየውልሽ" ብላኛለች። አክስቴ "አንቺ ወላቃ" እያለች ትጠራኛለች፤ ከዚያ ሁለት ጣቷን ትሰጠኛለች።

ያን ዓመት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። በሦስተኛው ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሣ፣ እንዳትደነግጥ፣ ከባድ ወሬ እንዳትሰማ አዘዛት። አባቴ የጭነት መኪና ነጂ ስለሆነ ቤት የሚያድረው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ከትምህርት ቤት በስድስት ሰዓት ስለቀቅ ቤት ገብቼ ለአክስቴ የተዘጋጀላትን ምሳ ይዤ ወደ ሱቋ እሄዳለሁ። ከቤታችን እስከ ሱቋ አራት በር ብቻ ነው። ሲመሽ ባዶውን የምሳ ዕቃ ይዤ እመለሳለሁ።

እናቴ ጀርባዋን በትራስ አስደግፋ ትጠብቀኛለች።

"በላች?"

"በላች።"

"ብርቱካኑንስ?"

"ጠጣች።"

"ጨረሰችው?"

"ጨረሰችው።"

"እህቴን አውቃታለሁ" ትላለች ያን ጊዜ፣ ለእኔም ለራሷም። "ምግብ እንደሆን ሥራ ሲበዛባት ትረሳለች። ብርቱካኑን ግን ከተወች ታማለች ማለት ነው።"

መጀመሪያ ላይ የምነግራት ሁሉ እውነት ነበር።

ለውጡ የጀመረው በዳቦው ነው። አንድ ቀን አክስቴ ከምሳ ዕቃው ዳቦውን አውጥታ በትናንሹ ቆራርሳ ሞቶ የተቀመጠው ብርቱካን ውስጥ ነከረችው።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"ኬክ።"

አቀመሰችኝ። እውነትም ኬክ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ አክስቴ በየቀኑ ኬክ እንደምትበላ ተናገርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳቦውን ጭራሽ ተወችው፤ ድንቹን በውኃ ትደፈጥጥና በማንኪያ ጫፍ ትቀምሰዋለች። ከዚያ ድንቹንም ተወችው። ምሳውን ለጋሼ ቆርኪ መስጠት ጀመረች፤ "እናትሽ እንዳትቆጣኝ በላች በያት" ትለኛለች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዕቃውን ደረቱ ላይ ደግፎ ይበላል። በዚያች ሁለት ወር ውስጥ ወፈረ።

"ቀበቶህ አልደረሰልህም" ትለዋለች።

"አንቺ ነሽ የምታደልቢኝ" ይላታል። አይስቅም። በልቶ ሲጨርስ ዕቃውን አጥቦ ይሰጠኛል። እኔ አክስቴ ልታገባው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። የሚያገባት ካልሆነ የእሷን ምሳ ለምን ይበላል?

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በተማርኩበት ከተማ፣ አንዲት ጓደኛዬን አጅቤ ሐኪም ቤት ተቀምጬ ሳለ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አገኘሁ። የምግብ መውረጃ ቧንቧ በሽታ እንዴት እንደሚታወቅ የሚያስረዳ ነው። በመጀመሪያ ዳቦና ሥጋ አልወርድ ይላል፤ ቀጥሎ ለስለስ ያለ ምግብ፤ በመጨረሻ ውኃም። ጓደኛዬ ተጠርታ ገብታ፣ ታክማ ወጣች፤ እኔ ያንኑ ገጽ ይዤ ተቀምጬ ነበር። የተማርኩት የሕንፃ ሥራ ነው፤ ስለ ሰው አካል የማውቀው ነገር የለም። የዚያ ወረቀት ቅደም ተከተል ግን የአክስቴ የምሳ ዕቃ ነበር፤ አንድም አልተዛነፈም።

በልጅነቴ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። መስመሩ ከፍ ማለቱን ነው ያየሁት።

ሁለት ጣት የነበረው ሦስት ሆነ። ከዚያ አራት። አንድ ቀን አክስቴ ጠርሙሱን ለክታ ጠመኔውን መሃል ወገቡ ላይ ስታሳርፍ ዓይኔን ማመን አልቻልኩም።

"እኩል ሆንን?" አልኳት።

"አደግሽ እኮ" አለችኝ። "ትልቅ ልጅ በሁለት ጣት አይኖርም።"

"እማዬ ብትሰማስ?"

"እኔ ጨረስኩት በያት። አንቺ መጠጣትሽን ብታውቅ ሁለታችንም አለቀልን።"

ይህ ለእኔ በጣም ግልጽ ነበር። ስለ ጥርሴ ነው። ማታ እናቴ ስትጠይቀኝ "ጨረሰችው" እላለሁ፤ ፊቴ ቅንጣት አይለወጥም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ደግሞ ዛሬ መስመሩ ትንሽ ከፍ ይበልልኝ ብዬ እመኛለሁ። ምኞቴ የተፈጸመልኝን ያህል በሕይወቴ ሌላ ጊዜ ተፈጽሞልኝ አያውቅም።

ነርሷ የመጣችው በእነዚያ ቀናት ነው። የአክስቴ ደንበኛ ናት፤ ነጭ ጋዋኗን ልታስለካ መጥታ መሃል ቤት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፤ አክስቴ እስፒል በከንፈሯ ይዛ ጎኗን ትሰበስባለች። እኔ ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ።

"ሄድሽ?" አለቻት ነርሷ።

"ሥራ በዛብኝ።"

"ሥራ አትበዪኝ። ያንን ቀጠሮ ስንት ሰው እግር ሥር ወድቄ እንዳስያዝኩልሽ ታውቂያለሽ?"

"አትነቃነቂ፤ እወጋሻለሁ።"

"ውጊኝ። እስከ መቼ ነው የምትደብቂያት?"

"እስክትወልድ።"

"ሰባት ሳምንት እኮ ነው የቀራት።"

አክስቴ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠች። "ያለፉት ሁለቱ እንዴት እንደሄዱባት አይተሻል። አሁን ብትሰማ ተነሥታ እዚህ ነው የምትመጣው። አልጋ አይደለም፣ ገመድ አይይዛትም። ይኼኛውም ቢሄድባት በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

"አንቺስ?"

"እኔ ልብስ እየሰፋሁ ነዋ።"

ነርሷ ጋዋኑን ሳትጨርስ አውልቃ ወጣች። አክስቴ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየችኝ።

"አንቺ ወላቃ፣ ምን ሰማሽ?"

"ለእማዬ የደበቅሽላትን" አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። "ምኑን?"

"የሕፃኑን ልብስ" አልኳት፤ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ቅርጫት እያሳየሁ። ትናንሽ ኮፍያዎችና የእጅ ሹራቦች ሞልተውበታል። "እስክትወልድ አልነግራትም።"

"ጎበዝ" አለች። ያን ቀን በጣም ኮርቼ ነበር። አዋቂዎች በሚስጥር የሚያምኗት ልጅ ነበርኩ።

እሑድ እሑድ እናቴን ልትጠይቅ ትመጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናው ላይ የምትቀመጠው ለደንበኛ ሳይሆን ለራሷ ነው። አረንጓዴ ቀሚሷን ገልብጣ ወገቡን ታጠባለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ታጠባለች። ትከሻውና ደረቱ ላይ ከውስጥ በኩል ጥጥ ትደርብበታለች።

"ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ፋሽን ነው።"

ልብስ ሰፊ ባትሆን ኖሮ ቀሚሱ ላይዋ ላይ ሲንዘላዘል እናቴ በመጀመሪያው እሑድ ታውቅ ነበር። መጋረጃውንም እሷ ናት የምትዘጋው፤ ገና ስትገባ ሳትስማት በፊት ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። "ብርሃኑ ዓይንሽን ይወጋሻል" ትላታለች። እኔ ለረጅም ጊዜ ጨለማውን ያዘዘው ሐኪሙ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ ስለ መጋረጃ ምንም አላለም። አክስቴ አልጋው እግርጌ፣ ጥላው ውስጥ ትቀመጣለች፤ ሁለቱ እህትማማቾች ስለ ጋሼ ቆርኪ እያወሩ ይሳሳቃሉ።

"ወፈረ አሉ" ትላለች እናቴ።

"ሱቁን በላው መሰለኝ።"

"አንቺን አይብላሽ እንጂ።"

"እኔን ማን ይችለኛል?"

የመጨረሻው ጠርሙስ የመጣው ነርሷ ከመጣች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጋሼ ቆርኪ ከፈተው፤ እንደ ልማዱ "ይሙት?" አላላትም። አክስቴ ጠመኔውን አነሣችና መስመሩን አንገቱ ላይ፣ ከአፉ ጥግ አሰመረችው። መስመሩ ጠመመ። አክስቴ ጠማማ መስመር ስታሰምር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ሙሉው የአንቺ ነው" አለችኝ። "ጋዙ ሳይወጣ ጠጪው።"

ጋሼ ቆርኪ ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ቆመ፤ መንገዱን ያያል። እኔ ጠርሙሱን በሁለት እጄ ይዤ ሳልተነፍስ ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር፤ አፍንጫዬን አቃጠለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስጨርስ አገሳሁ፤ አክስቴ ሳቀች። በልጅነቴ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ ደስ ያለኝ የትኛው ነው ብባል፣ ያ ቀን ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ጨረሰችው?" አለች እናቴ ማታ።

"ሙልጭ አድርጋ" አልኳት።

ወንድሜ ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ፤ ትንሽ፣ ግን ሙሉ። ከወለደች በአምስተኛው ቀን እናቴ፣ አራቱን በር በእግሬ ካልሄድኩ አለች። ሕፃኑን ታቅፋ፣ ግድግዳ እየደገፈች ሄደች፤ እኔ ከኋላ። አክስቴ መሬት ላይ፣ የጠረጴዛውን እግር ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። እሑድ ስላልሆነ ጥጥ የሌለው የቤት ልብስ ነው የለበሰችው።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ሳትዞር፣ "ተቀበይኝ" ብላ ሕፃኑን ሰጠችኝ። ወንድሜን የታቀፍኩት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ገብታ አጠገቧ ተቀመጠችና የአክስቴን ክንድ በሁለት ጣቷ ከበበችው። ጣቶቿ ተገናኙ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለቻት።

"እሱን ተይውና ልጁን አሳዪኝ" አለች አክስቴ።

ወንድሜ ሠላሳ ስምንት ቀን ሲሆነው ሞተች። ነርሷ ያስያዘችላት ቀጠሮ ካለፈ ብዙ ቆይቶ ነበር። በጊዜው ብትሄድ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም። ያ ወረቀት "ቶሎ ከተደረሰበት" ይላል፤ "ቶሎ" ማለት ስንት ጣት እንደሆነ አይናገርም።

"ጨረሰች ያልሽኝ ለምን ነበር?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እናቴም አልጠየቀችኝም። እየጠበቅኩ አደግሁ። ርቄ የሄድኩት ለትምህርት ነው እላለሁ፤ እውነት ነው። እዚያ የቆየሁት ግን ለትምህርት አልነበረም።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ለምሳ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ በሩን ያክላል። ብርቱካን ለስላሳ ይዞ መጥቶ ቆሞ፣ ከጠርሙሱ ጠጣና ስልኩ ሲጮህ ወደ ግቢው ወጣ። እናቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ድንች እየላጠች ነበር። ብዙ ጊዜ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"አገባሽ?"

"አይደለም። የአክስቴ ነገር ነው።"

ልጣጩ አልተቋረጠም። "እሺ።"

"ጨረሰችው እያልኩ የነገርኩሽ ውሸት ነበር። እኔ ነበርኩ የምጠጣው። በመጨረሻ አንድ ጉንጭም አትጠጣም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ማታ ስትገቢ ምላስሽ ብርቱካን ነበር። የከንፈርሽ ዳር ሳይቀር። ስታወሪ ደግሞ ይሸትሻል።"

ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

"ታዲያ ለምን ትጠይቂኝ ነበር?"

"ጨረሰችው እንድትዪኝ።"

ድንቹን ውኃው ውስጥ ጣለችና ሌላ አነሣች። "ባላምንሽ መነሣት ነበረብኝ። ብነሣ ደግሞ…" ወንድሜ ግቢው ውስጥ በስልክ እየሳቀ ነው፤ ወፍራም ድምፁ በመስኮቱ ይገባል። የጀመረችውን አልጨረሰችም።

ተናደድኩ። "ሃያ ስድስት ዓመት እኮ ነው፣ እማዬ። እኔ ነኝ የገደልኳት ብዬ ነው የኖርኩት።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? ልጅ ነበርሽ። ትልቋ እኔ ነበርኩ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ርቀሽ ስትሄጂ፣ ማወቄን አውቃ ነው የሸሸችኝ ብዬ ነበር። ስትደውዪ ዛሬ ትጠይቀኝ ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር።"

ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን ጥያቄ ስንጠብቅ ኖረናል ማለት ነው። ከእሷ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ራሱ አላውቅም ነበር፤ እንድትቆጣኝ ይሁን እንድትምረኝ።

"አራት በር" አለች እናቴ። "ያንን ሁሉ ጊዜ አራት በር ርቃ፣ ከእሑዱ ጨለማ በቀር አላየኋትም። አንቺ ነሽ አብረሻት የነበርሽው።" ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። "አንቺ ስትጠጪ እሷ ምን ታደርግ ነበር?"

ልብስ ትሰፋ ነበር ልላት እችል ነበር። ያምራል፤ ደግሞም የምታምነኝ ይመስለኛል። ግን እግሯን ከመኪናው ላይ አንሥታ፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ወደ እኔ ስትዞር ታየችኝ። ያኔ ቶሎ ቶሎ በመጠጣቴ የምታደንቀኝ ነበር የሚመስለኝ፤ ስለዚህ ይበልጥ እፈጥንላት ነበር።

"ጉሮሮዬን ታይ ነበር" አልኳት። "ስውጥ ጉሮሮዬን ታያለች። አንዳንዴ እኔ ስውጥ እሷም አብራኝ ባዶ አፏን ትውጣለች።"

በቃ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

"እሺ" አለችኝ። "ከዚያስ?"